ቍጥር ስለሚከብደው ልጅ

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል



ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለ አንድ ዓይነት ልጅ ነው። ይህ ልጅ በያንዳንዳችሁ ትምህርት ቤት አለ፤ ምናልባትም በአንዳንዶቻችሁ ቤት ይገኝ ይሆናል። ዓይኑ ያያል፥ ጆሮው ይሰማል፥ ንግግሩ የተስተካከለ ነው፤ ተረት ቢነግሩት በቃሉ ይይዛል፥ መልእክት ቢልኩት ሳያጓድል ያደርሳል። ነገር ግን የሒሳብ ሰዓት በደረሰ ጊዜ ፊቱ ይለወጣል። ሰባትና አምስት ስንት ይሆናል ብለው ቢጠይቁት ጣቶቹን ከጠረጴዛው በታች ደብቆ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት እያለ ከመጀመሪያው ይቈጥራል፤ አንዳንድ ጊዜ ዐሥራ አንድ፥ አንዳንድ ጊዜ ዐሥራ ሦስት ይላል፤ ትናንት ዐሥራ ሁለት ብሎ በትክክል የመለሰውን ዛሬ አያውቀውም። መምህሩ «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ይላል፤ አባቱ «ሰነፍ ነው» ይላል፤ ባልንጀሮቹ «ደንቆሮ» ይሉታል፤ እርሱም በመጨረሻ ሦስቱንም ያምናል።

ስለዚህ ልጅ ለመናገር የተነሣሁት ከእናንተ ይልቅ ዐዋቂ ስለ ሆንኩ አይደለም፤ በድዬ ስለማውቅ ነው እንጂ። የማስተማር ሥራ በጀመርኩበት ዘመን፥ በአንድ የቈላ መንደር ትምህርት ቤት፥ በአራተኛ ክፍል አንዲት ልጅ ነበረች። በንባብ ከክፍሉ ሁሉ ትበልጥ ነበር፤ በሰፈሩ ደብዳቤ የመጣላቸው እናቶች ይዘው የሚሄዱት ወደ እርስዋ ነበር። ሒሳብ ግን ከሁለተኛ ክፍል ትምህርት አላለፈላትም። እኔም «እንዲህ አሳምራ የምታነብ ልጅ ይህ እንዴት ይጠፋታል? ንቀት ነው እንጂ ሌላ አይደለም» አልኩና በሰሌዳው ፊት አንበረከክኋት። ያደረግሁትም አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሒሳብ ባለበት ቀን «ሆዴን አመመኝ» እያለች ትቀር ጀመር፤ ዓመቱ ሳያልቅም ፈጽማ ቀረች። አባትዋን በመንገድ ባገኘሁት ጊዜ «እንግዲህ ምን ይደረግ መምህር፥ አእምሮዋ አልቀበል ካለ ቤት ታግዝ» አለኝ። እኔም አንዲት ቃል ሳልመልስለት ተለየሁት፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ እውነቱን የተናገረ መስሎኝ ነበር።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ይህ የቍጥር ችግር ሊቃውንት የመረመሩት፥ ስምም ያወጡለት ነገር ነው፤ ስሙም ዲስካልኩሊያ ይባላል። ቃሉ ከግሪክና ከላቲን የተጋጠመ ሲሆን፥ የፊተኛው ክፍል መሰናከልን ያመለክታል፤ የኋለኛው ክፍል የወጣበት የላቲን ቃል ደግሞ «ትንሽ ጠጠር» ማለት ነው፤ የጥንት ሮማውያን ሒሳባቸውን በጠጠር ይሠሩ ነበርና። ወደ አማርኛ መልሼ «የቍጥር ስንክልና» ልለው አልወድም፤ ልጁን ራሱን ስንኩል ያስመስለዋልና። ስለዚህ በዚህ ንግግር «የቍጥር ችግር» እለዋለሁ። ከዚህ በታች የማነሣቸው የውጭ አገር ዓመታትም በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩ በመጀመሪያ የታወቀው በልጆች ሳይሆን በአዋቂዎች ላይ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰሎሞን ሄንሸን የሚባል የስዊድን ሐኪም፥ አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎችን ሲመረምር፥ መናገርና ማንበብ እየቻሉ መቍጠርና መደመር ብቻ የጠፋባቸውን አገኘ። በ1924ም ዮሴፍ ገርስትማን የሚባል የቪየና ሐኪም የራስዋን ጣቶች ለይታ ለመጥራት ስላቃታት አንዲት ሴት ጻፈ፤ ቀጥሎም የጣት አለመለየት፥ የሒሳብ መጥፋት፥ የመጻፍ መጥፋትና የቀኝና የግራ መምታታት ባንድነት እንደሚገኙ አስረዳ። ከዚህ የምንረዳው ቍጥር በአንጎል ውስጥ የራሱ የሆነ ስፍራ እንዳለው ነው፤ ይኸውም ከራስ ቅል በላይና በስተኋላ በኩል የሚገኘው ክፍል ነው። እንግዲህ ያ ስፍራ በጉዳት ሊሰናከል የሚችል ከሆነ፥ ከልደት ጀምሮ በዝግታ የሚሠራበት ልጅስ አይኖርምን? ይህን ጥያቄ በሚገባ የመለሰው በብራቲስላቫ ከተማ የሚሠራ ላዲስላቭ ኮሽች የሚባል የሥነ ልቡና ሊቅ ነው። በ1974 ባወጣው ጽሑፍ፥ ከመረመራቸው የትምህርት ቤት ልጆች ከመቶ ስድስት የሚያህሉት እንዲህ ያለ ችግር ከትውልድ ጀምሮ እንዳለባቸው ገለጠ።

ስድስት ከመቶ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሦስት ወይም አራት ልጆች ማለት ነው። በኢየሩሳሌም ከሦስት ሺህ በላይ የሆኑ የአራተኛ ክፍል ልጆች ተመርምረው በ1996 የታተመው ቍጥር ከዚህ እምብዛም አልራቀም። በዚያ ምርመራ ሦስት ነገሮች ታውቀዋል። እነዚህ ልጆች በጠቅላላው የማስተዋል ኀይል ከሌሎች ልጆች አያንሱም። ሁለተኛው፥ ወንዶቹና ሴቶቹ በቍጥር እኩል ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ናቸው፤ ስለዚህ «ሒሳብ ለሴት ልጅ አይሆንም» የሚለው ወሬ ከወሬነት አያልፍም። ሦስተኛው ደግሞ፥ ከብዙዎቹ ልጆች ወላጆችና እኅት ወንድሞች መካከል የትምህርት ችግር ያለባቸው ተገኝተዋል። በዚህ በሦስተኛው ላይ ጥቂት ልቈይ። ገበያ በሄደ ጊዜ ሁልጊዜ ትልቁን ብር አውጥቶ ለነጋዴው የሚሰጥ፥ የሚመለስለትንም ሳይቈጥር በኪሱ የሚከት፥ «እኔ ሒሳብ አልወድም» ብሎ በሣቅ የሚያልፍ አባት እናውቃለን። ይህ ሰው በእርሻው የተመሰገነ፥ በሽምግልና ቃሉ የሚደመጥ ሊሆን ይችላል። ምናልባት እዚህ ተቀምጦ ይሰማኝ ይሆናል። እንግዲህ ልጁን «የማን ዘር ነህ» ብሎ ከመቈጣቱ በፊት ይህን ነገር ያስብ።

አሁን ደግሞ የችግሩ ሥር ምን እንደ ሆነ በምሳሌ ላስረዳችሁ። ሰው ሁሉ ሳይማር የሚያውቀው ጥቂት ቍጥር አለ። በ1992 ካረን ዊን የምትባል አሜሪካዊት ምሁር የአምስት ወር ሕፃናትን በአሻንጉሊት ፈተነች፤ አንድ አሻንጉሊት ታሳያቸውና በመጋረጃ ትሸፍነዋለች፥ ሕፃኑ እያየ ሁለተኛውን ከመጋረጃው በስተኋላ ትጨምራለች፥ ከዚያ መጋረጃው ይነሣል። ሁለት ሊሆን ሲገባው አንድ ብቻ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ሕፃናቱ እንደሚደነቅ ሰው ረዘም አድርገው ይመለከቱ ነበር። ከዚህም አስቀድሞ በ1871 ስታንሊ ጀቮንስ የሚባል እንግሊዛዊ ምሁር ባቄላ እየዘገነ ወደ ሣጥን ይጥልና፥ ሳይቈጥር በአንድ እይታ ስንት እንደ ሆነ ይገምት ነበር፤ ይህንም ከሺህ ጊዜ በላይ አደረገው። ሦስትና አራት በሆነ ጊዜ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም፤ መሳሳት የጀመረው ከአምስት ወዲህ ነው። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሦስት በግ በመንገድ ሲያልፍ «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት» ብሎ የሚቈጥር ማን አለ? ዓይን አይቶ «ሦስት» ይላል።

የቍጥር ችግር ያለበት ልጅ ግን ሦስቱንም በጎች አንድ በአንድ የሚቈጥር ነው፤ ወይም ቢያውቃቸውም ከባልንጀሮቹ እጅግ ዘግይቶ ነው። በለንደን ያስተምር የነበረው ብራያን ባተርዎርዝ በ2003 ላዘጋጀው መመርመሪያ አንዱን መሠረት ያደረገው ይህን ነው፤ ልጁ ጥቂት ነጥቦችን ዐይቶ ስንት እንደ ሆኑ ለመናገር ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ይመዘናል። ለኛ «ሰባት» የሚለው ቃል ወዲያው አንድ መጠን በልባችን ይሥላል፤ ከስድስት አለፍ ያለ፥ ለዐሥር ሦስት የጐደለው። ለዚያ ልጅ ግን «ሰባት» ትርጕሙን እንደማያውቀው የባዕድ አገር ቃል፥ ከስድስት ቀጥሎ የሚጠራ ድምፅ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ መሠረት ላይ መደመርን፥ መቀነስን፥ የማባዛትንም ሰንጠረዥ በጩኸት ብንጭንበት፥ ቤቱ ባይቆም ምን ያስደንቃል?

በዚህ ቦታ መምህራንን አንድ ነገር አስጠነቅቃለሁ። ሒሳብ ያቃተው ልጅ ሁሉ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም። በጥቅምትና በኅዳር አዝመራ ሲሰበሰብ ወር ሙሉ የቀረ ልጅ አለ፤ ያለ ቍርስ የመጣ አለ፤ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው የማይታየው፥ ዓይኑ መታከም የሚገባው አለ፤ የሚማርበት ቋንቋ ገና ያልገባው አለ። ደግሞም፥ እውነቱን እንነጋገርና፥ መምህሩ ራሱ ሳያስረዳው ያለፈ አለ። እነዚህን ሁሉ ሳይመረምሩ በልጅ ላይ ስም ማውጣት «ሰነፍ» ከማለት የማይሻል ሌላ በደል ነው። እኔ የምመክረው፥ ልጁን ከሥሩ ጀምሮ፥ በሚዳሰስ ነገር፥ ሁለትና ሦስት ወር ያህል በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ማስተማር ነው። ትምህርት ያመለጠው ልጅ በዚህ ጊዜ ውስጥ ፈጥኖ ይደርሳል። በሌላው ትምህርት ደኅና ሆኖ፥ በዚህ ሁሉ ድካም ግን ገና ስምንትና ስድስት ማን እንዲበልጥ ሲጠየቅ የሚያመነታ፥ ከሃያ ወደ ኋላ ሲቈጥር መንገድ የሚጠፋው፥ ሰዓት ማንበብና የብር መልስ ማወቅ የሚያስቸግረው ቢሆን፥ ያን ጊዜ የምናገርለት ልጅ እርሱ እንደ ሆነ አስቡ። ከእነዚህ ልጆች መካከል ንባብም አብሮ የሚከብዳቸው እንዳሉ አትርሱ።

ሽማግሌዎች ሆይ፥ አሁን የምናገረው ከመምህራን ይልቅ ለእናንተ የቀረበ ነው፤ ስለ አኀዝ ነውና። ብዙ ልጆች፥ ይልቁንም ይህ ችግር ያለባቸው፥ «መቶ አምስት ጻፍ» ሲባሉ 1005 ብለው ይጽፋሉ። መምህሩም በቀይ ቀለም ይሰርዘዋል። ነገር ግን የግዕዝ አኀዝ የምታውቁ አስተውሉ፤ አባቶቻችን መቶ አምስትን እንዴት ጻፉት? ፻፭ ብለው ነው፤ መቶን ጽፈው በአጠገቡ አምስትን አኖሩ። ሦስት መቶ አርባ አምስትንም ፫፻፵፭ ብለው፥ አንደበት እንደሚጠራው ጻፉት። የግዕዝ አኀዝ ለዐሥር፥ ለሃያ፥ ለሠላሳ፥ እስከ ዘጠና ድረስ ለየራሱ ምልክት አለው፤ ለመቶም እንዲሁ፤ ስለዚህ ባዶ ስፍራን የሚያመለክት ዜሮ አላስፈለገውም። በትምህርት ቤት የምንማርበት አኀዝ ግን ከህንድ ተነሥቶ በዐረቦች በኩል ወደ አውሮፓ የደረሰ ነው፤ ሥርዐቱም ሌላ ነው። በዚያ አንዱ ምልክት እንደ ተቀመጠበት ስፍራ ዋጋው ይለዋወጣል፤ ዐሥር የሌለበትንም ስፍራ ዜሮ ይጠብቀዋል። እንግዲህ 1005 ብሎ የጻፈው ልጅ «መቶ» ሰማ፥ 100 ብሎ ጻፈ፤ «አምስት» ሰማ፥ 5 ብሎ ጻፈ። የጻፈው በአባቶቹ ሥርዐት ነው፤ የተጠየቀው ግን በሌላ ሥርዐት ነበር። ይህ ስሕተት ምክንያት ያለው ስሕተት ነው፤ ምክንያቱን የሚያውቅ መምህርም ከመሰረዝ ይልቅ ፻፭ እና 105 አንዱን ከአንዱ በላይ ጽፎ ልዩነታቸውን ያሳያል። የግዕዝ አኀዝ የሚያውቅ ሽማግሌ አንድ ቀን ወደ ክፍሉ ገብቶ ይህን ቢያስተምር መልካም ነው።

የቍጥር ስምም እንዲሁ ነው። «ዐሥራ አንድ፥ ዐሥራ ሁለት» የሚለው ራሱን ያስተረጕማል፤ ዐሥርና አንድ፥ ዐሥርና ሁለት ነው። አርባ አራትን፥ አምሳ አምስትን ያስታውሳል። ነገር ግን «ሃያ» ሲባል ሁለት ዐሥር እንደ ሆነ ከድምፁ የሚያውቅ ልጅ የለም። በቋንቋችን ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ፤ ፈረንሳዮች ዘጠናን «አራት ሃያና ዐሥር» እያሉ ነው የሚቈጥሩት፥ ልጆቻቸውም እንደኛ ልጆች ይሰናከላሉ። ስለዚህ ቍጥር ለሚከብደው ልጅ ለጥቂት ሳምንት «ሁለት ዐሥር፥ ሁለት ዐሥር ከአንድ» እያሉ ቈጥሮ ኋላ ስሙን «ሃያ፥ ሃያ አንድ» ማለት ይረዳዋል።

ያችን ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ በገበያ አገኘኋት። ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጥ ነበር፤ ሰላምታ ሰጠችኝ፥ እኔም ልገዛት ተቀመጥኩ። ሁሉንም በእኩል መደብ ደርድራዋለች፤ የአንዱም መደብ ዋጋ የሌላውም ዋጋ አንድ ነው። ገንዘቡን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች፤ አንዱ ቋጠሮ ዐሥር መደብ የተሸጠበት ነው፥ ከዚያ አዲስ ቋጠሮ ትጀምራለች። ማታ ቋጠሮዎቹን ብቻ ቈጥራ የቀኑን ሽያጭ ታውቃለች። እኔ በሰሌዳው ፊት አንበርክኬ ያላስተማርኳትን ነገር እርስዋ ለራስዋ ፈልጋ አገኘችው። ዋጋ ከፍዬ ስነሣ የሰጠሁትን ብር አገላብጣ አየችውና «መምህር፥ መልሱን አንተው ቍጠረው» አለችኝ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምናገረው ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ተማርኩ ነው።

እንግዲህ የርዳታው መንገድ የእርስዋ ቋጠሮ ነው። መምህር ሆይ፥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ዕቃ አትፈልግ። መቶ የሚያህል ቀጭን እንጨት ከልጆቹ ጋር ሰብስብ፤ ዐሥሩን በክር እሰር፤ ዐሥር እስር ሲሆን ሁሉን በአንድ ገመድ እሰር። ልጁ «ሠላሳ አራት» ሲባል ሦስት እስርና አራት ልቅ እንጨት ያምጣ፤ ቀጥሎ የእንጨቱን ሥዕል ይሣል፤ አኀዙን የሚጽፈው በመጨረሻ ነው። ከሠላሳ አራት ሰባት ቀንስ ቢባል አንዱን እስር በእጁ ይፍታ። መበደር የምንለው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚገባው ክሩ ሲፈታ ነው፤ ብዙ ልጆች «ከጎረቤት ተበደር» የሚለውን ቃል እየደገሙ ማን ከማን ምን እንደ ተበደረ ሳያውቁ ስምንተኛ ክፍል ይደርሳሉ። መቶ አምስት ሲሆንም አንድ ትልቅ ጭነትና አምስት ልቅ እንጨት በመሬት ላይ ይቀመጣል፤ በመካከል የእስሩ ስፍራ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ያን ባዶ ስፍራ «ዜሮ ይጠብቀዋል» ብትለው ይገባዋል። ከእንጨቱ ወደ ሥዕሉ፥ ከሥዕሉ ወደ አኀዙ መሄድን አታስቸኵል፤ ሌላው ልጅ በሳምንት የሚሻገረውን እርሱ ሁለት ወር ቢፈጅበት ደኅና ነው።

በጣቱ መቍጠርን አትከልክለው። ከጠረጴዛ በታች የተደበቀ ጣት በግልጥ ከሚታይ ጣት ይልቅ ይሳሳታል። ይልቅስ ጣቱን በሥርዐት እንዲጠቀምበት አሳየው፤ አንድ እጅ አምስት፥ ሰባት አንድ እጅና ሁለት ጣት፥ ሁለት እጅ ዐሥር። ሰባትና አምስት ሲደመር ሁለቱን አምስቶች ዐሥር አድርጎ ሁለቱን ጣት ይጨምርበታል፤ ከአንድ ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ጊዜ መቍጠር ይቀርለታል። የማባዛት ሰንጠረዥን በተመለከተ ሁሉን በቃልህ ካልያዝህ ብለህ አታስጨንቀው። የሁለትን፥ የአምስትንና የዐሥርን ብቻ አጥብቆ ይያዝ፤ ከዚያ ስድስት ጊዜ ሰባት ቢባል «አምስት ጊዜ ሰባት ሠላሳ አምስት፥ አንድ ሰባት ሲጨመር አርባ ሁለት» ብሎ ይደርስበታል። በፈተናም ጊዜ ሰንጠረዡ ተጽፎ በአጠገቡ ቢቀመጥ ማጭበርበር አይደለም፤ እግሩ ለሚያነክስ ሰው ምርኵዝ ማጭበርበር ነውን? ሰዓትም ጨምርለት። ከሃምሳ ጥያቄ ስምንቱን ስጠው፤ እያንዳንዱንም እንዴት እንደ ሠራው በቃል እንዲነግርህ አድርግ፤ የተሳሳተበትን ቦታ ከመልሱ ይልቅ ከቃሉ ታገኘዋለህ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ፍርሃትን አስወግድ። ሰው ሒሳብ ሲሠራ ቍጥሮቹን ለጥቂት ጊዜ በልቡ ይዞ ማቈየት አለበት፤ ያ የመያዣ ስፍራ ጠባብ ነው፥ ፍርሃት ከገባበት ቍጥሩ ይፈስሳል። በሁሉ ፊት አስነሥቶ «ቶሎ በል» ማለት፥ ማን ቀድሞ ይመልሳል ብሎ ልጆችን ማሽቀዳደም፥ ውጤትን እየጮኹ ማንበብ ለዚህ ልጅ ከዱላ አይተናነስም። ዱላውንማ ሕግም ከልክሎታል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። የኔ ማንበርከክም በዚህ ውስጥ የሚቈጠር ነው።

በቤት በኩል ያለው ሥራ የእናንተ ነው፥ ወላጆችና ሽማግሌዎች። ልጁ ለቡና የቀረበውን ስኒ ከተቀመጠው ሰው ጋር ያመዛዝን፤ እንቁላሉን በዐሥር በዐሥር ይለይ፤ እህል ሲሰፈር ቁናውን እርሱ ይጥራ። ገበጣ በሚጫወቱበት አገር አያት ከልጅ ልጁ ጋር ቢጫወት እጅግ ጥሩ ነው፤ በየጕድጓዱ ያለውን ጠጠር በዓይን ማወቅን፥ አንድ በአንድ ማደልን፥ የሚያበቃበትን አስቀድሞ መገመትን ያስለምዳልና፤ ደግሞም በጨዋታ የተሸነፈ ልጅ እንደ ገና ልጫወት ይላል እንጂ ሆዴን አመመኝ አይልም። ወደ ገበያ ስትልኩት አንድ ዕቃ ብቻ ግዛ በሉት፥ የሚመለስለትንም ከመሄዱ በፊት አብራችሁ በገንዘቡ ቍጠሩ። የሚችለውንም ሥራ አትንፈጉት፤ ንባቡን፥ ዜማውን፥ የእጅ ጥበቡን በሰው ፊት አመስግኑለት።

ፈጽሞ ይድናል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። በኢየሩሳሌም የተመረመሩትን ልጆች ሊቃውንቱ ከስድስት ዓመት በኋላ እንደ ገና ፈልገው ባዩአቸው ጊዜ፥ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ገና በሒሳብ ከክፍላቸው በመጨረሻው ሩብ ነበሩ፤ ይህም በ2005 ታትሟል። ስለዚህ ከልጁ የምንፈልገው የክፍሉን አንደኛነት አይደለም። በገንዘቡ እንዳይታለል፥ የመድኀኒት መጠን እንዳያሳስት፥ የዘሩንና የማዳበሪያውን ልክ እንዲያውቅ፥ በአንድ ትምህርት ምክንያትም ሌላውን ሁሉ ጥሎ እንዳይወጣ ነው። በአንድ ትምህርት ወድቆ ዓመት ስለሚደግም ልጅ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሲመክርም ይህን በፊቱ ያኑር፤ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ ትምህርት በዚያው መንገድ መድገም ለዚህ ልጅ ያመጣው ጥቅም አላየሁም።

አሁን ንግግሬን ላቁም፤ በየፊታችሁ አንድ ሰሐን፥ አንድ ጨርቅና ጥቂት ባቄላ ተቀምጧል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ፥ የሚቻል ከሆነ አንድ መምህር ከአንድ ሽማግሌ ጋር፥ ተቀመጡ። አንዱ ጥቂት ባቄላ በጨርቁ ላይ ይበትን፥ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል ብቻ አሳይቶ በሰሐኑ ይክደን፤ ሌላው ስንት እንደ ሆነ ይናገር። በሦስት ጀምሩ፥ አንድ አንድ እየጨመራችሁ ወደ ስምንት ውጡ። ስድስትና ሰባት ላይ ስትደርሱ «ልበል ወይስ ልተው» የሚያሰኝ ጥርጣሬ ይሰማችኋል፤ ያ ልጅ በሦስት ባቄላ ፊት ቆሞ የሚሰማው እርሱ ነውና፥ ተራችሁን ስትለዋወጡ ማንም ማንንም «ቶሎ በል» እንዲለው ላንድ ጊዜ ብቻ እፈቅዳለሁ። ሰሐኑን አንሡ፤ እንጀምር።